«ውጤቱ የት ይሄዳል?»፦ የዲጂታል ሥልጠናን ስለሚሸሹ ሠራተኞች ከድሬዳዋ ለተላከልን ደብዳቤ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ፦ ጠያቂያችን በድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የማምረቻ ድርጅት የሥልጠና ክፍል ኃላፊ ናቸው። ድርጅቱ ባለፈው ዓመት ሠራተኞች በስልካቸውና በኮምፒውተር የሚማሩበት የዲጂታል መማሪያ ሥርዓት ገዝቶ ስለ ሥራ ደኅንነት፣ ስለ ምርት ጥራትና ስለ ኮምፒውተር አጠቃቀም የሚያስተምሩ ትምህርቶችን ጭኖበታል። ወጣቶቹ ሠራተኞች በጥቂት ደቂቃዎች «ጨርሰናል» ሲሉ፣ ከአንጋፋዎቹ አብዛኞቹ ግን አንድ ጊዜ እንኳን አልከፈቱትም። በአንድ ስብሰባ ላይ ሁሉም የሚያከብሯቸው አንድ የጥገና መካኒክ «እኔን ማሽኑ ራሱ ያስተማረኝ ይበቃኛል» ብለው ሲናገሩ አዳራሹ አጨበጨበላቸው። ጠያቂያችን እንደሚሉት እኚሁ ሰው የተበላሸ ዕቃ ፎቶ አንስተው ለግዢ ክፍል በቴሌግራም የሚልኩ፣ ለልጃቸውም ገንዘብ በስልክ የሚያስተላልፉ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ «የሠራተኛው አመለካከት ኋላ ቀር ነው» በማለት፣ ከመጪው ሐምሌ ጀምሮ ትምህርቱን ያላጠናቀቀ ሠራተኛ ከዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ነጥብ እንዲቀነስበትና ጉርሻም እንዳያገኝ ለማድረግ አስበዋል። ጠያቂያችን «የሠራተኞቹን አመለካከት እንዴት ልቀይር? ቅጣቱስ ይረዳኝ ይሆን?» ሲሉ ጽፈውልናል።

እህቴ፣ የምሰጥዎት መልስ ከጠበቁት ሊለይ ስለሚችል ከወዲሁ በግልጽ ላስቀምጠው። የሠራተኞችዎ አመለካከት የችግሩ መነሻ አይመስለኝም። እነዚህ ሰዎች የሚሸሹት ሥርዓቱ ስለ እነሱ የሚመዘግበውን ነገር ነው፤ ያ መዝገብ ነገ በማን እጅ እንደሚገባና ለምን እንደሚውል አያውቁም፣ የነገራቸውም ሰው የለም። ሥራ አስኪያጁ ያሰቡት ቅጣት ደግሞ ይህንን ስጋት ያረጋግጥላቸዋል እንጂ አያስወግድላቸውም። ስለዚህ ጉልበትዎን ሠራተኞቹን በማሳመን ላይ ከማዋልዎ በፊት ከበላይዎ ዘንድ አንድ ውሳኔ ማስቀየር ይኖርብዎታል። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ለምን እንዲህ እንደማስብ ላስረዳ።

በመጀመሪያ «ኋላ ቀር» የሚለው ፍርድ ከማስረጃው ጋር አይገጥምም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሠራተኞችዎን ለሥልጠና ወደ አዳራሽ የጠራቸው አልነበረም፤ ዛሬ ግን ቀፊራ ገበያ ውስጥ አትክልት የሚሸጡ እናቶች ሳይቀሩ ክፍያ በስልክ ይቀበላሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ኔትወርኩን በሙከራ ለደንበኞች የከፈተው በዚሁ በድሬዳዋ ስለነበር፣ አዲሱን ሲም ካርድ ከአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ እጁ ያስገባው የድሬ ሰው ነው። የእርስዎ መካኒክም ፎቶ አንስተው ይልካሉ፣ ገንዘብ ያስተላልፋሉ። ስልክን የሚፈራ ሰው ይህንን ሁሉ አያደርግም። እንግዲያው መጠየቅ ያለበት፣ ስልኩን ለዚህ ሁሉ ጉዳይ የሚጠቀም ሰው የእናንተ ትምህርት ላይ ሲደርስ ምን አጋጥሞት ቆመ የሚለው ነው።

ይህ ጉዳይ ብዙ የተጠና ነው። ፍሬድ ዴቪስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች አንድን የኮምፒውተር ሥርዓት ለመቀበል ወይም ለመተው ሲወስኑ በዋናነት ሁለት ነገሮችን እንደሚመዝኑ አሳይቷል፤ አንደኛው «ለሥራዬ ይጠቅመኛል ወይ?» የሚለው ሲሆን ሁለተኛው «ሳልቸገር ልጠቀምበት እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ከሁለቱ ይበልጥ ከአጠቃቀም ጋር በጥብቅ ተያይዞ የተገኘው የመጀመሪያው ነበር፤ ሰው የሚጠቅመውን ነገር ቢከብደውም ይታገለዋል፣ ጥቅሙ ያልታየውን ግን የቱንም ያህል ቢያቀሉለት አይነካውም። እ.ኤ.አ. በ2003 ቬንካቴሽ የተባለ ተመራማሪና ዴቪስን ጨምሮ ባልደረቦቹ ይህንኑ አስፍተው፣ የሚከበሩ ሰዎች ስለ ነገሩ ያላቸው አስተያየት እንዲሁም የመሣሪያና የድጋፍ መኖር ወሳኝ መሆናቸውን አከሉበት። በተለይ አጠቃቀሙ በትእዛዝ በሆነበት የሥራ ቦታ የሚከበሩ ሰዎች አስተያየት ክብደት እንደሚጨምር አመልክተዋል። በስብሰባችሁ ላይ የተሰማውን ጭብጨባ በዚህ ዓይን እንዲያዩት እፈልጋለሁ፤ ያን ዕለት የድርጅቱን ሠራተኛ አቋም የወሰኑት ሥራ አስኪያጁ ሳይሆኑ መካኒኩ ናቸው።

እኔ ደግሞ በሥራ ቦታ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ፤ እሱም «ውጤቱ የት ይሄዳል?» የሚለው ነው። ድሮ በአዳራሽ ሥልጠና ሲሰጥ ሠራተኛው የመገኘት ፊርማውን ይፈርማል፣ ያዳምጣል፣ ያልገባውን ወንበር ለተጋራው ባልደረባው በሹክሹክታ ይጠይቃል፣ ሻይ ጠጥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። የተሳሳተው ነገር ከአዳራሹ አይወጣም ነበር። አሁን እርስዎ በየማለዳው የሚከፍቱትን የሪፖርት ገጽ እስቲ በሠራተኛው ቦታ ሆነው ይመልከቱት፦ ሙሉ ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ በትምህርቱ ላይ የቆየበት ደቂቃ፣ ጥያቄውን የሞከረበት ብዛት፣ ያመጣው ነጥብ፣ መጨረሻ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ምልክት። ለእርስዎ ይህ ማን እገዛ እንደሚያስፈልገው የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። ሠላሳ ዓመት በሙያው ተከብሮ ለኖረ ሰው ግን፣ በአምስተኛው ሙከራ ማለፉ በስሙ ትይዩ ተጽፎ የሚቀመጥበት፣ የቅርብ አለቃው፣ የሰው ሀብት ክፍሉና ምናልባትም ትናንት እሱ ያሠለጠነው ልጅ ሊያዩት የሚችሉት መዝገብ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ውስጥ ስምን ላለማስገባት ያለው ብቸኛ መንገድ አለመክፈት ነው፤ አንጋፋዎቹም የመረጡት ይህንኑ ነው። «ጊዜ የለኝም»፣ «ኔትወርክ እምቢ አለኝ»፣ «መነጽሬን ረስቻለሁ» የሚሉት ምክንያቶች አንዳንዶቹ እውነት ቢሆኑም፣ ብዙዎቹ ይህንን ላለመናገር የሚቀርቡ ናቸው።

ስለ መካኒኩ በተለየ ሁኔታ ልጻፍ፤ ምክንያቱም ነገሩ የሚፈታው በእሳቸው በኩል ነው ብዬ አስባለሁ። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ አብራ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በከተማዋ የባቡር ወርክሾፕ ብረት መቀጥቀጥን፣ ብየዳን፣ ሞተር ማደስንና የኤሌክትሪክ ሥራን የተማሩት ትውልዶች የተማሩት ከባለሙያ ጎን ቆመው፣ ቁልፍ እያቀበሉ፣ ተሳስተው እየተቆጡ፣ በመጨረሻም «በል አሁን አንተ ፍታው» እየተባሉ ነው። ይህ ልማድ ከወርክሾፑ ወጥቶ ወደ ጨርቃ ጨርቁ፣ ወደ ሲሚንቶውና ወደ ምግብ ፋብሪካው ገብቷል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያደገ ሰው እውቀቱን የሚያገኘውም የሚሰጠውም ፊት ለፊት ነው፤ ክብሩም ያለው በመስጠቱ ላይ ነው። የእናንተ የመማሪያ ሥርዓት ሲመጣ ይህ ሰው በአንድ ቀን ከአስተማሪነት ወደ ተፈታኝነት ወረደ። የሚያሠለጥናቸው ልጆች የሚፈተኑትን ፈተና እሱም ይፈተን ተባለ፣ ትምህርቱን ያዘጋጀው ግን የእሱን ማሽን አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። «እኔን ማሽኑ ያስተማረኝ ይበቃኛል» የሚለውን ንግግር እንደ እምቢተኝነት ከመውሰድዎ በፊት፣ በዚህ ውስጥ ያለውን እውነተኛ ቅሬታ እንዲሰሙት እለምንዎታለሁ።

ከመካኒኩ ይልቅ እኔን ያሳሰቡኝ በደቂቃዎች «ጨርሰናል» ያሉት ወጣቶች ናቸው። በደብዳቤዎ ላይ እነሱን እንደ መልካም ምሳሌ ጠቅሰዋቸዋል፤ በዚህ አልስማማም። አሥራ ስምንት ደቂቃ የሚፈጅ የደኅንነት ትምህርት በአራት ደቂቃ የተጠናቀቀው ቪዲዮው እየተዘለለ፣ ጥያቄውም እስኪገጥም ድረስ በግምት እየተነካካ ነው። አንዱ መልሱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ካጋራው ደግሞ ለሌሎቹ ሁለት ደቂቃ ይበቃቸዋል። ይህ ልጅ ማሽን ከመጠገኑ በፊት ዋናውን ኃይል ማጥፋት፣ ማብሪያውን በቁልፍ መቆለፍና «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ምልክት መስቀል እንዳለበት ለሚጠይቀው ጥያቄ በስልኩ ላይ ሙሉ ነጥብ አለው፤ ወደ ኤሌክትሪክ ፓኔሉ ሲሄድ ግን ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ላያውቅ ይችላል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ ቢያስታውሱም፣ ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡትን ከራሳቸው አውጥተው ለመናገር የተለማመዱት በልጠዋቸው ተገኝተዋል። ቪዲዮው እንዳለቀ ወዲያው የሚቀርብ ፈተና የሚለካው ያችን አምስት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ያሰቡት ቅጣት ቢጸድቅ ሳይማሩ አረንጓዴ ምልክት ያገኙት ሲሸለሙ፣ ሥራውን አውቀው ምልክቱን ያላገኙት ይቀጣሉ። በአደጋ ቀን ደግሞ አረንጓዴው ምልክት ማንንም አያድንም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራዎ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ነው። ሲያነጋግሯቸው «ሠራተኛው ቅር ይለዋል» በሚል መንገድ አይቅረቡ፤ እሳቸው የሚያስቡት ስለ ወጣው ገንዘብ ነውና በዚያው ይቅረቡ። ቅጣቱ የማጠናቀቂያ ቁጥሩን በአንድ ወር ከፍ እንደሚያደርገው፣ ነገር ግን ያ ቁጥር ማን ምን እንደተማረ የማይናገር በመሆኑ ድርጅቱ የገዛውን ነገር ዋጋ ቢስ እንደሚያደርገው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሠራተኛው ያልገባውን በግልጽ የማያሳይበት ሥርዓት ሥልጠና የት እንደሚያስፈልግ ሊነግራቸው እንደማይችል ያስረዷቸው። ከዚያ የሚከተለውን ዓይነት ማስታወቂያ በፊርማቸው እንዲወጣ ይጠይቁ፦

«በመማሪያ ሥርዓቱ የሚመዘገበው ውጤት ለመማር ማስተማር ብቻ ይውላል። በተያዘው በጀት ዓመትና በሚቀጥለው፣ በማንኛውም ሠራተኛ የሥራ አፈጻጸም ምዘና፣ የደረጃ ዕድገት፣ ጉርሻ ወይም የዲሲፕሊን ውሳኔ ላይ አይጠቀስም። የእያንዳንዱን ሰው ዝርዝር ውጤት የሚያዩት ሠራተኛው ራሱና የሥልጠና ክፍሉ ብቻ ናቸው፤ ለክፍል ኃላፊዎች የሚደርሳቸው የቡድናቸው ጠቅላላ ሁኔታ ነው። ጥያቄን ደጋግሞ መሞከር እንደ ድክመት አይቆጠርም።»

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መደረግ አለበት። ፎርክሊፍት እንደ መንዳት ወይም በከፍተኛ ኃይል ፓኔል ላይ እንደ መሥራት ያሉ፣ ሕይወት የሚነኩ ሥራዎች የማለፊያ ፈተና ያስፈልጋቸዋል። ያ ፈተና ግን በስልክ ሳይሆን በሥራው ቦታ ላይ፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው ፊት ይሰጥ፤ ሠራተኛውም ይህ ፈተና መሆኑንና ሌላው ትምህርት መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በድርጅታችሁ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ለመሪዎቹ ያሳዩዋቸው። እንዲህ ዓይነት ቃል ከሥልጠና ክፍል ብቻ ሲመጣ የሚታመነው በግማሽ ነው፤ ማኅበሩ አይቶት «እናውቀዋለን» ሲል ግን ክብደት ያገኛል። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን ስላወጣች፣ የሠራተኛን መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ መጠቀም ከመልካም ፈቃድነት ያለፈ ጉዳይ መሆኑን ለሥራ አስኪያጁ ማስታወሱም ይጠቅማል።

ቀጥሎ የሰዓት ጉዳይ አለ። ደብዳቤዎ ሠራተኞቹ ትምህርቱን «በትርፍ ጊዜያቸው» እንዲከታተሉ መታዘዛቸውን ይገልጻል። ከፈረቃ ወጥታ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ተቀብላ እራት የምታሰናዳ እናት ትርፍ ጊዜ የላትም፤ በሳቢያን ወይም በገንደ ቆሬ ቤት ተከራይቶ የሚኖር የቀን ሠራተኛም ለቪዲዮ የሚያወጣው የዳታ ገንዘብ ከኪሱ የሚጎድል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል፤ በቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓትም የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ እንዲከፈል ያዝዛል። አሠሪው ያዘዘውና በቅጣት ያስገደደው ትምህርት ከሥራ ውጭ ነው ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ይሆናል። ከክርክሩ ይልቅ በፈረቃው መጀመሪያ ላይ ሃያ ደቂቃ ይስጧቸው። በመጀመሪያ የምልበት ምክንያት በድሬ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ደክሞ የወጣ ሰው ፊት የሚቀርብ ቪዲዮ ከማስተኛት ያለፈ ጥቅም ስለሌለው ነው። የድርጅቱ ዋይፋይ ቢያንስ በመመገቢያ አዳራሹ እንዲደርስ ያድርጉ፤ መብራት በሚጠፋበት ጊዜም ትምህርቱ እንዳይቋረጥ አስቀድሞ በታብሌት ላይ ተጭኖ የሚቀመጥበትን መንገድ ከአቅራቢው ድርጅት ጋር ይነጋገሩበት።

የመግቢያውን በር ነገር አጥብቄ አነሳለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ትምህርቱን ሳያየው የሚመለሰው ከዚያ ነው። ሥርዓታችሁ የኢሜይል አድራሻና ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ያለበት የይለፍ ቃል እንደሚጠይቅ ጽፈዋል። አብዛኛው ሠራተኛ ኢሜይል ያለው ስልኩን ሲገዛ ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ስለከፈተለት ብቻ ነው፤ አድራሻውን አያውቀውም፣ የይለፍ ቃሉም ከልጁ ጋር ቀርቷል። «የይለፍ ቃልዎን ረሱ?» የሚለውን ሲነካ መልእክቱ የሚላከው ወደዚያው ወደማይከፈተው ኢሜይል ነው። ይህ ሰው ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሲዘጋበት የሚሰማውን ኀፍረት ለማንም አይናገርም፣ ሁለተኛም አይሞክርም። በስልክ ቁጥርና በአጭር መልእክት በሚላክ ኮድ መግባት የሚቻል ከሆነ ዛሬውኑ ያስቀይሩት፤ የማይቻል ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው አስቀምጠው፣ በሰው ፊት ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ እጁን ይዘው ያስገቡት።

ከመነጽሩ ምክንያት በስተጀርባ ያለውንም በጥንቃቄ ይያዙት። በማሸጊያና በጽዳት ክፍል ውስጥ ፊደል ያልቆጠሩ ወይም አንብበው ለመረዳት የሚቸገሩ ሠራተኞች እንደሚኖሩ እገምታለሁ፤ እነሱም ይህንን ለዓመታት ደብቀው ኖረዋል። የጽሑፍ ትምህርት በስማቸው ሲላክላቸው ምስጢራቸው እንዳይወጣ ይፈራሉ። ለእነዚህ ሰዎች ትምህርቱ በድምፅ ይቅረብ፣ ጥያቄውም በድምፅ ይመለስ፤ ለሁሉም ሰው እንዲህ ቢደረግ ደግሞ ማንም ተለይቶ አይታወቅም። የድምፅ መልስ ሌላም ጥቅም አለው፤ አንብቦ የሚረዳው ሠራተኛ እንኳን በስልክ ላይ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ያዘገየዋል፣ ብዙዎችም አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ለምደዋል። ስለ ቋንቋም ቢሆን፣ የደኅንነት ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ሊቀጥል አይገባም። በእናንተ ፈረቃ ላይ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በአንድ ወሬ ውስጥ ተቀላቅለው ይሰማሉ። እጅን ስለሚቆርጥ ማሽን የሚነገር ማስጠንቀቂያ ሰው ሲደነግጥ በሚጮህበት ቋንቋ ሊነገረው ይገባል።

አሁን ወደ መካኒኩ ልመለስ። ወደ ቢሮዎ አይጥሯቸው፤ እርስዎ ወደ ወርክሾፑ ይሂዱ። ስለ ስብሰባው አያንሱ፣ ትምህርቱን እንዲከፍቱም አይለምኗቸው። አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይዘው ይቅረቡ፦ ለምሳሌ ኩሽኔታ (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዘው ዕቃ) ሊበላሽ ሲል ማሽኑ ከመቆሙ በፊት በድምፁ እንደሚያውቁት ሰምቼአለሁ፣ ልጆቹ ግን ከተሰበረ በኋላ ነው የሚያውቁት፤ ይህንን እንዴት ይለዩታል? ብለው ይጠይቋቸው። እያስረዱ ሳለ በፈቃዳቸው በስልክዎ ይቅረጿቸው፤ እጃቸውና ማሽኑ ይታይ፣ ጤነኛው ኩሽኔታና የታመመው ሲሽከረከሩ የሚያሰሙት ድምፅ ጎን ለጎን ይሰማ። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ መልሰው ያሳዩዋቸውና የሚታረም ካለ እንዲያርሙ ይጠይቁ፤ በእርግጠኝነት የሚያርሙት ነገር ያገኛሉ፣ ያኔ ትምህርቱ የእሳቸው ይሆናል። ሥርዓቱ ውስጥ ሲጫን በአስተማሪነት ስማቸው ይጻፍ፣ ለሠሩበት ሰዓትም ይከፈላቸው። ክፍያው ትንሽ ቢሆንም አይዝለሉት፤ እውቀታቸውን በነፃ ወስደን በኋላ የምናሰናብታቸው እንዳይመስላቸው የሚያደርገው እሱ ነው፤ ይህ ጥርጣሬ በአንጋፋ ባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው ያለና መሠረተ ቢስም ያልሆነ ነው።

ይህንን ከአንድ ሰው በኋላ ከሁለተኛው ጋር ይድገሙት፤ ከቀለም ክፍል፣ ከቦይለር፣ ከማሸጊያ። ከውጭ የተገዙት ትምህርቶች ሁሉ ይጣሉ እያልኩ አይደለም። የኮምፒውተር አጠቃቀሙና የጥራት ደረጃው ትምህርት እዚያው ይቆይ፤ ሠራተኛው ግን ሥርዓቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍተው የሚያውቀውን ሰው ለማየት፣ ነገ ጠዋት ሥራ ላይ የሚጠቅመውን ነገር ለማግኘት ይሁን። ዴቪስ «ይጠቅመኛል ወይ?» ያለው ጥያቄ በዚህ ይመለሳል። ቬንካቴሽና ባልደረቦቹ ስለሚከበሩ ሰዎች ያነሱትም እንዲሁ፤ ጭብጨባው ወደ እናንተ የሚዞረው ያኔ ነው። ሥራ አስኪያጁም ቢሆኑ ከሠራተኛው ጋር በመመገቢያ አዳራሹ ተቀምጠው አንዱን ትምህርት ቢከታተሉና የተሳሳቱትን ጥያቄ ሳይደብቁ ቢሞክሩ ከማንኛውም ደብዳቤ የበለጠ ይሠራል።

ሥልጠናው መሥራቱን ለማወቅ የማጠናቀቂያውን ቁጥር መመልከት ይተዉ። አንድ ትምህርት ከተሰጠ ከሳምንት ከአሥር ቀን በኋላ ወደ ሥራ ቦታው ሄደው ሦስት አራት ሰዎችን «እስቲ ይህን ማሽን ለጥገና አዘጋጁልኝ» ይበሏቸውና ዝም ብለው ይመልከቱ። ኃይሉን አጠፉ? ቆለፉ? ምልክቱን ሰቀሉ? ማሽኑ በእርግጥ አለመነሳቱን ሞከሩ? የቀረው ነገር ሁሉም ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ከሆነ ትምህርቱ ጎድሎ ነው፣ እሱን ያስተካክሉ። ለሥራ አስኪያጁ የሚያቀርቡት ሪፖርትም ከዚህ የተገኘው ይሁን።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ፈጽሞ መማር የማይፈልግ፣ በሰበብ ላይ ሰበብ የሚደረድር ሠራተኛም ያጋጥምዎታል። ጥቂት ስለሚሆኑ ሥርዓቱን በእነሱ ልክ አይስፉት፤ ሥራውን ካልቻለ በሥራው ይጠየቃል፣ ለዚያ የተለመደው ደንብ አለ።

ሥራ አስኪያጁ ሐሳብዎን ባይቀበሉ ምን ላድርግ እንደሚሉ እጠብቃለሁ። ሙሉውን ካላገኙ ከአንድ ክፍል ጋር፣ ለምሳሌ ከጥገና ክፍሉ ጋር፣ ለሦስት ወር ያለቅጣት እንዲሞክሩት ፈቃድ ይጠይቁና የሥራ ቦታውን ምልከታ ውጤት ቅጣቱ ከተጣለባቸው ክፍሎች ጋር አነጻጽረው ያቅርቡላቸው። እሱንም ከከለከሉዎት ግን፣ ለሠራተኞቹ «ውጤታችሁ አይነካባችሁም» የሚል ቃል ከራስዎ አንደበት እንዳይወጣ ይጠንቀቁ። ሲጠይቁዎት ማን ምን እንደሚያይና ለምን እንደሚውል እንዳለ ይንገሯቸው፤ የመግቢያውን፣ የሰዓቱንና የቋንቋውን ነገር ደግሞ በሥልጣንዎ ሥር ያለውን ያህል ከነገ ጀምሮ ያስተካክሉ።